የላጲሱ ፍርፋሪ

ሄርማታ ከሱቄ፣ ከስፌት መኪናዬ፣
ሦስት ወር አመሸሁ፣ ከኖታ ታግዬ።
ለአሥራ ሰባት ሰው፣ አሥራ ሰባት መሥመር
እኩል ቆርጬ ሰጠሁ፣ ማንም እንዳያማርር፤
ቫዮሊን ለነኢማ፣ ትሮምቦን ለተማም፤
ከመነሻ እስከ ማብቂያ፣ አንድም ሰው አያርፍም።

ዜማዋ አጭር ናት፤ ባጃጅ እየጠበቅኩ፣ አዌቱ ድልድይ ላይ
በፉጨት የመጣች፣ ስምንት ኖታ ብቻ፣ ከአፌ የማትለይ።
አምስት ጊዜ መጣች፤ አምስቱም ያው ናቸው፤
አንድ ዓይነት ጩኸት፣ አንድ ዓይነት ልካቸው።
ከደጅ አንድ ባጃጅ፣ ጥሩምባውን ነፍቶ፣
ከእኛው አንዱ መሰለኝ፣ ቦታውን ተሳስቶ።

ጥግ ላይ የነበሩት፣ አሥር አለቃ ወየሳ፣
ጥርሳቸው ረግፎ መለከት የተዉ፣ ጆሯቸው ያልረሳ፣
«ልጄ፣ ልብስ ሰፊ ነህ፤ ኮት ስትሰፋ ለሰው
ገበሩን ከውጭ ነው? ኪሱን ሁሉ ደረት ላይ ነው የምትደረድረው?»
አሉና ከኪሳቸው፣ አወጡ ላጲስ።
የተማምን አርባ ሜዠር ጠረጉት፤
እኔ ከተማም ዓይን ሸሸሁ፣ እንደ ጥፋተኛ ነፍስ።

«መጀመሪያ ሸምሲያ፣ ብቻዋን፣ በለሆሳስ፤
የተኛ ሕፃን አጠገብ ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው፣ በጣት ዳሰስ ዳሰስ።
ሁለተኛ ማሲንቆው፣ ይዟት ይውረድ ቆላ፤
ትንፋሽ ብቻ ይስጣት፣ አኮርዲዮን ከኋላ።
ሦስተኛው ላይ ገልብጣት፣ እንደ አሮጌ ኮሌታ፤
ያችው ናት፣ ያች አይደለችም፤ ውስጧ ነው የሚታይ ለአፍታ።
አራተኛው ላይ፣ ስምንተኛዋን ኖታ ዝለላት፤
ትጉደል፤ የሚሰማ ሰው፣ በልቡ ይሙላት።»

«አምስተኛውስ?» አልኩ። አልመለሱልኝም፤
ዝናብ ከጅሬን ሲወርድ፣ እሳቸው ሰምተዋል፤ እኔ አልሰማሁም።
መጀመሪያ ባሕር ዛፍ ላይ፣ እንዳለና እንደሌለ፤
ቀጥሎ ፈረንጅ አራዳ፣ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ፤
ከዚያ በእኛው ቆርቆሮ ላይ፣ አዳራሹ እስኪሞላ፣
ሰው ለሰው እስኪጠቃቀስ፣ ቃል እስኪጠፋ ሌላ።
አባራ።
ከአሸንዳው ጫፍ፣ ጠብ።
ቆይቶ ደግሞ፣ ጠብ።
አሥራ ሰባት ሰው አፉን ዘግቶ፣ ለአንዲት ውሃ ሰጠ ቀልብ።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ተማም በጣቶቹ
ይቆጥራል፤ ወርዝቷል ግንባሩ፣ ተወጥረዋል ጉንጮቹ።
ከአርባው አንድ ሲቀር፣ ሁላችን በሹክሹክታ ሳለን፣
ገባ! ብቻውን፣ በሙሉ ሳንባው። ዘወር ብለን አየን።
ፊቱ ፍም መሰለ። መስኮቱ እንኳ ነዘረ፤
ነኢማ ቀስቷን አንሥታ፣ እጇ አየር ላይ ቀረ።

አሥር አለቃ ሳቁ፣ ድዳቸው እየታየ፤
«ተወው፣ ጻፈው» አሉኝ፣ «ልጁ ቦታውን ለየ።»

ጻፍኩት። የላጲሱን ፍርፋሪ እፍ አልኩት፤
ማታ ሱቅ ስዘጋ፣ ከክር ቁርጥራጭ ጋር፣ ከሱሪዬ ላይ ለቀምኩት።