ከሚቆጠረው በታች

ማናና ሐኪሟ ወረቀት ዘረጋች፣
ከጥር እስከ ሐምሌ መስመር አሰመረች፣
በሃያ አራት ሣምንት ከፋፍላ ነጠበች።
"እዚህ ጋ ክኒኑን ትጀምራለህ፤
በአራተኛው ሣምንት ለደም ትመጣለህ፤
ቀን ዘለህ ብትገኝ ከኔ ትጣላለህ።"

ዛውር፣ ባለቤቴ፣ የኩታይሲ ታማዳ፣
በሠርግም በተዝካር፣ ለዘመድ ለባዳ
ጽዋ እያነሳ፣
ቃልን እንደ ወይን ሐረግ ካጥር አጥር ሲስብ የሚያነጋው ሰው፣
ዐይኑን መስመሩ ላይ ተክሎ ቆየና፣
"ወይንስ?" አላት፤
ሌላ ቃል አጣና።

ወይንስ?
ጥያቄው ጎደሎ፣ ከወገቡ የቀረ፤
መኖር ወይንስ ምን?
እሷ ግን የሰማችው ጠርሙሱን ብቻ ነው።
"ወይንማ የለም።
የጤነኛ ጉበት ቁጥሩ አምስት ነው፤
መሣሪያው ጎንህን ዳስሶ ያነበበው
አሥራ አራት ነው።"

ሃያ ዓመት ሙሉ "ሆድ ይፍጀው" ያለው
አንድ ክረምት አለ፤
መብራት የጠፋበት፣ ፋብሪካው የቆመ፣
ለዳቦ ወረፋ ሰው ሌሊት የቆመ፤
አራት ጓደኛሞች፣ አንድ የላምባ ኩራዝ፣
አንዲት መርፌ ብቻ።
ቀድሞ የተወጋው ጎቻ፣
ቀጥሎ የኔው ሰው።
የሁለቱን ስም አልነገረኝም፤
ስንጋባ አፈር ለብሰው ነበር፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው።
የፈጀው ግን ሆድ አልነበረም፣
ጉበት ነው።
ጉበት ደግሞ ሲበሉት አይጮህም፤
እንደ ጨዋ ሎሌ አጎንብሶ ያድራል፤
ጌታው እስኪጠራው እየደደረ ይሠራል።

ጋን በጠጠር ይደገፋል፤
የኛም ጋን ጓሮ አለ፣ እስካንገቱ መሬት የዋጠው፣
አፉን በጭቃ አምና የመረግነው።
ለዚህኛው ጋን ግን እኔ ነኝ ጠጠር የምቆጥርለት፤
ጧት አንድ ቢጫ፣ ሦስት ነጭ፤ ማታ ሦስት ሲመሽለት፤
ግድግዳው ላይ ቀኑን በቀይ የምሰርዝለት።

በሁለተኛው ሣምንት ደሙ ሳሳ።
ደረጃ ሲወጣ ሁለቴ አረፈ፣
በድመቷ ጮኸ፣ በኔም ለፈለፈ፣
ሌሊት ሲያሳክከው አንሶላ ገፈፈ።
ማናና ደሙን አይታ፣
ከማታው ሦስት ጠጠር አንዱን አስቀረች፤
"ይሄም በዕቅዱ ውስጥ አለ" አለች።

የካቲት ሲያልቅ፣ ወይን ሲገረዝ፣
መቀሱን ከነጭቃው ኪሱ ከትቶ
ውጤት ሊሰማ ሄደ፤ እኔም ተከተልሁ።
ስንጀምር ሦስት ሚሊዮን ነበር።
አሁን ወረቀቱ ላይ ቁጥር የለም፤
አንድ መስመር ብቻ፦
"ታይቷል፤ ከሚቆጠረው በታች።"

"አለ ወይንስ የለም?" አልኳት።
"አለ። መሣሪያው ያየዋል፤
ልቁጠርህ ሲለው ግን ያንስበታል።
ጥሩ መንገድ ነው ላማራ።
መንገድ ነው እንጂ ግን ቤት አይደለም።
ቤት የምንለው ክኒኑ ባለቀ በሦስተኛው ወር፣
ወይኑ ሲለቀም፣
ያን ጊዜ ፈልገን ስናጣው ነው።"

በመንገድ አልተናገረም።
ማታ ግን ጠረጴዛው ላይ አራት ጽዋ ደረደረ፣
አራቱንም ከቧንቧ ሞላ።
ወር ሙሉ የተዘጋ ጉሮሮውን ጠረገ፤
ኮቱን ቆልፎ ቆመ፣ ሠላሳ እንግዳ እንዳለበት።
"ይሄ ለጎቻ፤
ለሶሶ፤ ለቴንጊዝ፤
መዝገብ ላልቆጠራቸው፣ ሐኪም ላልቆጠራቸው፣
እናቶቻቸው እንኳ በሹክሹክታ ለቀበሯቸው፤
ዛሬም ለሚታዩኝ፣
ከሚቆጠረው በታች።"

ውሃውን ጨለጠ፤
ኮምጣጤ እንደቀመሰ ፊቱን አጨማደደ።
ሦስቱ ጽዋዎች እንደሞሉ አደሩ።
እኔም ሃያ ስምንተኛውን ቀን ሰረዝሁና
የማታውን ሁለት ጠጠር አቀበልሁት።