ተመራጮች

ካይሮ የሚሏት አለች፣ ዓባይ የማያውቃት፣
ሁለት ሌሎች ወንዞች ጎንና ጎን የሚያጥቧት፣
ከኢሊኖይ ጫፍ ላይ፣ ካርታው ያለቀባት።
ከዚያ ነው የመጣችው ኔቫ ፕሩዊት በአንድ ሻንጣ፣
እጀታው በሽቦ የታሰረ፤
በፈተና አልፋ እንጂ አልገባችም በዕጣ።

ከሺህ ሰባት መቶ ልጅ ሁለት መቶ ለቅመው፣
«የግዛቲቱ ዕንቁዎች» የሚል ስም ሸልመው፣
ከበቆሎ ማሳ መሃል፣ ከቀይ ጡብ ግንብ አስገቧቸው፤
ማደሪያው፣ መጽሐፉ፣ ምሳው በመንግሥት ነው አሏቸው።

እኔ የዕቃ ቤት ሰው ነበርኩ። ብልቃጥ እቆጥራለሁ፤
የተሰበረውን በቀይ፣ ደኅናውን በሰማያዊ እጽፋለሁ።
በዚያ ዓመት ቀይ ቀለሜ ከኅዳር በፊት አለቀ፤
ስፕሪንግፊልድ ያለው ሸንጎ በጀት ሳያጸድቅ ዘለቀ።
ክፍሉ ሞልቶ ሳለ ከፋይ ግን ታጣ፣
አንዱ ወገን ሲገባ ሌላው እየወጣ።

መስከረም ላይ ደሞዝ ዘገየ።
ጥቅምት ላይ የኬሚስትሪው ሊንድክቪስት ተለየ፤
ሰሌዳው ላይ እኩልታ ጀምሮ፣ ግራውን ጽፎ ቀኙን ትቶ፣
ኢንዲያና ገባ፣ የሚከፍል ትምህርት ቤት አግኝቶ።
አልፈረድኩበትም። ሦስት ልጆች አሉት።
ያችን ግማሽ እኩልታ ግን ማጥፋት ከበደን፤ ሁለት ወር ተዋት
ሰሌዳው ላይ፣ ከእኩል ምልክቱ በኋላ ባዶ።

ከዚያ ደብዳቤ ወጣ፦ «ከዓርብ እስከ እሁድ ማደሪያው ይዘጋል፤
ወላጅ ልጁን ይውሰድ፤ ነዳጅ ይቆጠባል።»
የቅርቦቹ ሄዱ በሞቀ መኪና፤
ለካይሮዋ ልጅ ግን ቅዳሜም ሆነ ፈተና።
እናቷ በአረጋውያን መጦሪያ አንሶላ አጣቢ ናት፤
የባቡሩ ዋጋ የሁለት ቀን ደሞዟ ነው፤ ታመጣለች ከየት?

ይህን እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገርኩም ነበር፦
ዓርብ ዓርብ ማታ እረሳለሁ፣ የቤተ ሙከራውን በር።
መርሳት ካሉት ነው እንግዲህ፤
ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እየጮኸ።

ከንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ሥር፣ በሁለት ካፖርት ትተኛለች፤
ሌሊት እየተነሣች ቴርሞሜትር ታነባለች።
የክፍሏ ሙከራ ሃያ አምስት ዲግሪ ይሻል፤
ክፍሉ አሥራ አራት ነው፤ ፈሳሹ ቀለም መለወጥ እምቢ ይላል።
«ከሸፈ በቃ» አልኳት። «አልከሸፈም» አለች፣
«ጥያቄውን እንለውጠዋለን»፤ ማስመሪያ አነሣች።
አግድም፦ በጀት ከጠፋ የተቆጠሩ ቀናት።
ሽቅብ፦ የዚህ ክፍል ሙቀት።
ሰማንያ ሦስት ነጥብ፤ አንዱ ላይ የሾርባ ጠብታ አለበት፤
ከሃያ ሁለት ተነሥቶ አሥራ ሦስት ላይ የደረሰ ቁልቁለት።

ጥር ላይ ሸንጎው ጠራቸው፣ ለእንግዳ ሊያሳያቸው።
ለዚያ ቀን ነዳጅ አልታጣም። አውቶቡስ መጣላቸው፤
ብልቃጥ ተሸካሚ ሆኜ እኔም አብሬያቸው።
በእብነ በረዱ አዳራሽ ተመራጭ ከተመራጭ ተፋጠጠ፣
አንዱ በድምፅ ብልጫ፣ አንዱ በፈተና የተመረጠ።

«አቤት ያማረ ሥራ!» አሉ አንድ ግራጫ ከረባት፣
ትከሻዋን ይዘው ፎቶ ተነሡና ከየት እንደመጣች ጠየቋት።
«ከካይሮ።» «የደቡብ ልጅ! ሙቀቱን ለምደሻላ» ብለው ሳቁ።
የዘንጉን ጽሑፍ አላነበቡም፤ እሷም አልነገረቻቸውም፤ ራቁ።

ወረቀቷን ተቀብለው ኮሪደሩ ላይ ሰቀሉት፤
ችኩል እጅ ነበረና ዘቅዝቀው አኖሩት።
ላቃናው ስነሣ እጅጌዬን ያዘች።
«ይተዉት፣ ሚስተር ካዝማሬክ። ደኅና አድርገው ይዩት» አለች።
ዓይኔን አጠበብኩ። ፊደሉ በራሱ ቆሟል፣ ቁጥሩ ተገልብጧል፤
መስመሩ ግን፣ ያው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይወርዳል።
«ግማሽ ዙር ቢያዞሩት ለውጥ የለውም» አለች፣ «አስቀድሜ አስቤዋለሁ»፤
ያን ቀን ብቻ ነው ጮክ ብላ ስትስቅ የሰማሁ።

ስንመለስ ማሳው በረዶ ለብሶ ነበር።
ዕለቱ ሐሙስ ነው።
በማግስቱ በሩን ረሳሁት።