ዘገየ የአባቴ ስም ነው

ከሆስፒታሉ እጥበት ቤት ወጣሁ፣ እጄ በረኪና እንደሸተተ፤
ጥር ነው፤ ኤድመንተን ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፣
የአውቶቡሱ በር እያቃሰተ ተከፈተ።
ጓንቴን በጥርሴ ስቤ አወለቅሁ፣
ደብተሬን ከጉልበቴ ላይ ገለጥሁ፦
“ኤሌክትሮን የሰጠ ኦክሳይድ ሆነ፤
ኤሌክትሮን የተቀበለ ተቀነሰ።”

ይቺ ነገር አንድ ወር አላስተኛችኝም።
የተቀበለ እንዴት ይቀነሳል? የማን አገር ሒሳብ ነው?
ያፌት ሳቀብኝ፤ “እማ፣ ኤሌክትሮን እኮ ኔጌቲቭ ነው፤
እዳ የተቀበለ ሰው፣ ሀብቱ ይጨምራል እንዴ?” አለኝ።
እዳ ሲል ወዲያው ገባኝ።
ለእዳስ አስተማሪ አላሻኝ።

ልጄ አሥራ ሰባት፣ እኔ አርባ ሦስት፤
ፈተናችን ግን ያው አንድ፣ ያው ወረቀት፣ ያው ሐሙስ ጠዋት።
እሱ በቀን ይማራል፤ እኔ ከሥራ መልስ፣ ከጎልማሶች ጋር በማታው፤
ለነርስነት የጎደለችኝ አንዲት ኬሚስትሪ ናት፣ እሷው።

ካርዶቹን ከኮርንፍሌክስ ካርቶን ቆርጦ ሠራ፤
ሩዝ እያማሰልሁ ይመረምረኛል፣ እንደ ዳኛ ኮራ ኮራ፦
“ሚዛን ላይ ደረሰ ማለት፣ ቆመ ማለት ነው?”
“ኧረ ወዲያ!
ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ሄያጁና መጪው እኩል ሲሆን
ከሩቅ ላየው የቆመ ይመስላል እንጂ።”
“ምሳሌ?”
ምሳሌው አንሶላ ነው፤
ጠዋት አራት መቶ ቆሽሾ ይወርዳል፣
ማታ አራት መቶ ታጥቦ ይወጣል፣
ክምሩ ያው ክምር ነው፣ አንድ ክንድ አይጨምር፣ አንድ ክንድ አይጎድል፤
አለቃዬ በመስታወቱ አይታ “ዛሬ ሥራ የለም መሰል” ትላለች፤
ወገቤ ግን ያውቃል።

ተራዬ ደረሰ። “በረኪና ከአሲድ ቢገናኝ?”
እርሳሱን አነሳ፤ ቀስት ሠራ፣
ግራና ቀኙን ቆጠረ፣ አመጣጠነ፤ አንዲት አቶም አልሳተ።
እኔ ግን ምድር ቤት የነበረችው ሉዝቪሚንዳ ታየችኝ፣
ሁለት ጠርሙስ በአንድ ባልዲ ደፍታ፣
በሩን በክርኗ ስትደበድብ፣ ጉሮሮዋን በእጇ ይዛ።
እሱ ቀመሩን ያውቃል፤ እኔ ሳሉን።
“ከታች ጻፍበት” አልኩት፣ “መጀመሪያ በሩን ክፈት።”
ሳቀ። ከዚያ ጻፈ።

ሐሙስ። የስፖርት አዳራሽ። ወንበሩ በአባት ስም ፊደል ተራ።
ልጄ አያሌው ነው፣ ፊተኛው ረድፍ፣ ከሰዓቱ ሥር፤
እኔ ከኋላ፣ ከቅርጫት ኳሱ መረብ በታች፣ ከግድግዳው ጋራ።
ተቆጣጣሪዋ መዝገቧን ይዛ “ዘገየ!” ብላ ጠራች።
ዘገየ የአባቴ ስም ነው፤ እሷ ምን ታውቃለች?
ሰሙን ብቻ ተሸክሜው ኖሬ፣
ወርቁ ደረሰኝ ዛሬ።
“አለሁ” አልኩ፤ ለስሙም፣ ለግሡም።

ከዚያ ዝም። የእርሳስ ጭረት ብቻ።
አሥራ ዘጠነኛው ላይ ቆምሁ። ቀና ብል
ያፌት ጆሮውን ይጎትታል፤
ከሕፃንነቱ ጀምሮ የጠፋበትን ነገር የሚፈልገው እዚያ ነው።
እሱም አሥራ ዘጠነኛው ላይ ነው ማለት ነው።

ስንወጣ “ሲ ነው” አለኝ። “ቢ ነው” አልኩት።
እስከ ፌርማታው ተጨቃጨቅን፣ እስትንፋሳችን ከፊታችን እየነጣ፤
አንዳችንም አልተረታ።
የከተማው መኪና አለፈ፣ አስፋልቱ ላይ አንድ ነገር እየበተነ።
“ጨው ነው?” አለ አጠገባችን የቆመ ሽማግሌ።
“አሸዋ ነው፤ በዚህ ብርድ ጨው ይለግማል”
አልነው፣ እኔና ልጄ፣ በአንድ አፍ።