ገና ነው

በመስኮቴ ግርጌ ታክሲ ይሰለፋል፤
ክሊኒኩ ሳይከፈት የላንቃሞ አፍ ይከፈታል።
«ፒያሳ! ሪፈራል! ጥቁር ውኃ! ጥቁር ውኃ!»
ጉሮሮው ነው ርስቱ፣ ሌላ የለው፣ ድኃ።
«መቼ ነው የሚሄደው?» ስትል ተሳፋሪ፣
«ገና ነው! አንድ ሰው ብቻ! ግቢ፣ አትፍሪ!»
ከቀትር በኋላ ግራ ጉንጩ ያብጣል በቅጠል፣
ሎሚ ሰርቆ የደበቀ የሰፈር ልጅ ይመስል።

አንድ ማክሰኞ ገባ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣
ቀልዱ በር ላይ ቀርቶ፣ ምላሱ ደንዝዞ።
«ቃሪያ ያቃጥለኛል» አለ፣ «ሁለት ወር ሆነው፤
እኔ ላንቃሞ ቃሪያ ልፈራ! ምን አባቱ ነው?»
ሁለት ወር። የአፍ ቁስል ሁለት ሳምንት ካለፈ
እንግዳ አይባልም፤ ጓዙን አራገፈ።

«አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» ይላሉ ሽማግሎች፤
እኔ ያየሁት ግን የወየቡ ጥርሶች፣
ጠቀራ የመሰሉ የድድ ዳርቻዎች፣
ከምላሱ ጎን ደግሞ እንደ ደረቀ ወተት
ነጣ ያለ ነገር፣ በፋሻ ቢፈትጉት
አልለቅም ያለ። በአምፖል የታየኝ ይኸው ነው፤
አምፖል የዋህ ነው፣ ላይ ላዩን ነው የሚያምነው።

መብራቱን አጠፋሁ።
«ሄደ እንዴ ደግሞ?» አለ፣ አፉን እንደከፈተ።
መጋረጃውን ሳብኩ፣ ብርቱካንማ መነጽር አጠለቅኩ፣
ሰማያዊዋን ባትሪ አወጣሁና ጠቅ አደረግኩ።

እንግዲህ ይህን ነው መንገር የሚያቅተኝ፣
የአንድ ረዳት አፍ እጄን ባፌ ያስጫነኝ።
በዚያ ጨለማ ውስጥ የላንቃሞ ላንቃ፣
ከእንቅልፉ እንደነቃ፣
አረንጓዴ በራ። ጉንጩ፣ ድዱ፣ የምላሱ ሜዳ
የታቦርን ጋራ መሰለኝ፣ በነሐሴ ማለዳ።
ጤነኛ ሥጋ እንዲህ ነው፦ ሰማያዊ ሲያበሩበት
አረንጓዴ ይመልሳል፣ እንደ ጎረቤት ሰላምታ፣ ሳይሰስት።
በግራ በኩል ግን፣ ከነጩ ዝቅ ብሎ፣
ጥፍር የሚያህል ቦታ ዝም አለ፣ ከብርሃኑ ተነጥሎ፤
ዳርቻው ከነጩ አልፎ የሚሰፋ፣
አረንጓዴው እዚያ ሲደርስ የሚጠፋ።

ጥቁር ውኃ።
ዘጠኝ ዓመት መስኮቴ ሥር የተጣራው ፌርማታ
በገዛ ምላሱ ላይ፣ ያለ ታፔላ፣ በዚያች ቦታ።

«ምን አለ?» አለኝ።
ብርሃኑ ዳኛ አይደለም፣ ጠቋሚ ጣት ነው፤
ተራ ቁስልም ይጠቁራል፣ ጥርስ የነከሰው።
ፍርዱ ከሥጋው ነው፦ ስንዴ የምታህል ቅንጣት
በጠርሙስ ታሽጋ፣ ሐኪም በማይክሮስኮፕ ሊያያት።
ይህን ነገርኩት። ላንቃሞ ዝም አለ። ላንቃሞ!
ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ጎንበስ ብሎ ደግሞ፦
«አባቴ ጋያ ይስብ ነበር፣ አለታ ወንዶ፤
እሱ ከመሄዱ በፊት ድምፁ ቀድሞት ሄዶ።
የጥርስ ነው አልን። አስነቀልንለት ሁለት፤
በሽታውን የነቀለለት ግን የለም፣ እስኪሞት።»

ሐሙስ ቆረጥነው። ጠርሙሷ በአውቶብስ ሄደች።

አሥራ ሁለት ቀን መስኮቴ ሥር ሌላ ልጅ ተጣራ፤
ጥሩ ድምፅ ነበረው፤ ግን አልሞላም ተራ።
ጫቱን ተወ ልበል? አልዋሽም። ቀነሰ።
ቅዳሜ አየሁት፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ተራ ደርሶ፣
ከአባ ኮዳዎቹ መሃል ቆሞ፣ የክረምት ጃኬቱን ለብሶ፣
እንደ እነሱ ትከሻውን ሰቅሎ፣ ውኃውን ያያል፣
ዓሣ አይገዛም፣ አይጣራም፣ ያያል።

ወረቀቱ መጣ። ቃሉ ረጅም፣ የባዕድ ነው።
«ባጭሩ» አለኝ፣ «እኔ ፊርማ እንጂ ጽሑፍ አልወድም፣ ባጭሩ ምንድን ነው?»
ባጭሩ የመጣልኝ ቃል አንድ ነው፣ ከራሱ የተዋስኩት፣
ዘጠኝ ዓመት በነፃ የሰማሁት፦
«ገና ነው።»
ቀና አለ። «አልተነሳም ማለት ነው?» «ካለበት አልሄደም፤
ቀዶ ጥገና ግን አለ፣ እሱን አልደብቅህም።»

አሁን «ጥ» ላይ ትንሽ ይንሸራተታል፤
ጥቁር ውኃን ሲጠራ ልጆች ይስቁበታል፣ እሱም ይስቃል።
በየሦስት ወሩ ይመጣል፣ ሲመቸው፣ ሳይመቸውም ይቀራል።
ዛሬ ጠዋት ግን ሾፌሩን ዳንጊሶን በክንዱ ጎትቶ፣
«አንድ ሰው!» አለኝ፣ በሬን በእግሩ ከፍቶ።

መብራቱን አጠፋሁ።