ሁለተኛው ማንኪያ

አንዲት ማንኪያ አለችኝ፣ አንገቷ የጠመመ፣
ጠርዟ በከንፈር ብዛት የደከመ።
የእኛ ቤት ልጅ አይደለች፣ ለሹሮ አትበቃ፣
በሙዳይ አስቀመጥኋት እንደ አደራ ዕቃ።
ልንገራችሁ የማን እንደሆነች፤
ቡሬ ነው ነገሩ፣ ከገበያው በታች።

ሙሴ ስታማቲ ሰም በሚመዝንበት ቤት
የቆዳው ግማት ደጅ ቀርቶ፣ ጓዳው ሌላ አገር፣ ሌላ ክረምት፤
ማዳም ፍሮሶ ቆማ ከምድጃው ፊት
ትርንጎ ትልጣለች።
ከእናቴ ጓሮ ለቅሜ እኔ ነኝ የማደርስላት፣
ለሳንቲሙ አይደለም፣ ሲፈላ ቆሜ ላያት።
አንዴ ታፈላና ውኃውን ትደፋዋለች፣
ደግማ ታፈላና ውኃውን ትደፋዋለች፣
ሦስተኛም።
“ምሬቱ ሳይወጣ ስኳር ከገባበት
ዕድሜ ልኩን ያኮርፋል” ትለኝ ነበር፣
“ጠ” ከነቤተሰቡ እምቢ ባለው አንደበት።

እንግዳ ሲመጣ፣ ትሪ ይዛ ከጓዳ፣
ጠጅ እንዳይመስላችሁ፣ ውኃ ነው የሚቀዳ፤
ትንሽ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፣ በማንኪያዋ ጫፍ
አንድ የትርንጎ ጥቅል፣ እንደ ንብ ክንፍ ብርሃን የሚያሳልፍ።
ትጎርሳለህ። ውኃ ትጠጣለህ።
“እጅሽ ይባረክ” ብለህ
ማንኪያዋን ከብርጭቆው ትከታለህ።
አለቀ።
ሁለተኛ የለም።

ይህ እንግዲህ ጎጃም ነው! “አፈር ስሆን” ተብሎ በሚበላበት፣
“ጠገብሁ” ያለ እንግዳ እንደ ባለ ቂም በሚታይበት።
ቡሬ ሳምንት ሙሉ ሣቀ፤
“የፈረንጅ ግብር በማንኪያ ተሰፈረ” አሉ።
ባላምባራስ ይስማው ጠርሙሱን ነጥቀው
እንደ ወለላ ማር በጣት ጨረሱት፤
ጢማቸውን ንብ ሦስት ቀን ተከተለው አሉ።
እትዬ ዘርትሁን ግን፣ የግድግዳ ጎረቤቷ፣
አልሣቀችም፤ ከፋት።
“እመቤቴ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ድገሚኝ እንጂ!” አለቻት።
ማዳም ጠርሙሱን ከደነች።
“ሁለተኛው ለነገ ነው” አለች፣
“ነገ እንድትመጭ።”

መጣች። ነገ ነገን ወለደ፤
ስድስት ዓመት፣ አንድ አንድ ማንኪያ።

ከዚያ በአንዱ ክረምት ሙሴ ስታማቲ ወደቀ፤
ወባ ነው፣ ከዓባይ በረሃ ተከትሎት የዘለቀ።
ጎረቤቱ ንፍሮ ቀቀለ፣ ጨው ነሰነሰ፣
እንደ አገሩ ደንብ አለቀሰ።
በአርባው ቀን ማዳም ራሷ ከድንኳኑ በር
ጥቁር ለብሳ ቆመች፤ ትሪዋ ግን ነጭ ነበር።
የተቀቀለ ስንዴ፣ ስኳር የለበሰ፣
ዘቢብና የሮማን ፍሬ መስቀል ሠርቶ የፈሰሰ።

ዝም።
ስኳር! በሐዘን ቤት!
“ባሏን ቀብራ ነው ወይስ ድራ?” አለች አንዷ፣
ቀስ አድርጋ፣ ግን ሁላችን ሰማን።
ማዳም ቃል አጣች። ትሪው እጇ ላይ ተንቀጠቀጠ፣
ስኳሩ እንደ በረዶ ከጠርዙ ረገፈ።

እትዬ ዘርትሁን ተነሣች፣ እፍኝ ሙሉ ዘገነች፤
አላመጠች፣
አላመጠች፣
“ኧረ የእኛው ንፍሮ ነው!” አለች።
“ውኃውን ሦስት ጊዜ ደፍታ ነው የመጣችው፤ ዝም በሉ።”
ደግማ ዘገነችና ማዳምን አጎረሰቻት።
ማዳም አፏን ልትገጥም ስትል ክንዷን ይዛ አስቀረቻት፤
“አንድ ያጣላል። ዛሬ ነገ የሚባል የለም።”
ሁለተኛው ጉርሻ እንባ ነክቶት
ጨውም ስኳርም ሆኖ ገባ።

በጥቅምት የጭነት መኪና መጣ።
ሣጥን ስትሞላ ማንኪያዎቿን ቆጠረች፤
ስድስት የነበሩት አምስት።
ቀና ብላ አየችኝ።
እጄ ከቀሚሴ ኪስ ውስጥ ላብ አጥምቆታል።
ሣጥኑን ቆለፈች፣ ጉንጬን ቆንጠጥ አደረገች፣
“ለነገ” አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረች።

ያ ነገ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው።
ትርንጎው ግን ዓመት ጠብቆ ያፈራል፤
እኔም እልጣለሁ፣ አፈላለሁ፣ እደፋለሁ፣
ሦስተኛው ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እቸኩላለሁ።
እንግዶቼ “እጅሽ ይባረክ” ይላሉ።
ትንሽ ይመራል።