በፎቶው ጠርዝ

ዓለም የረገመው ያ ፎቶ ደረሰን፣
የእህቴ ልጅ ስልኩን ከፀሐይ ጋርዶልን።
ሆልገር ተንበርክኳል፣ ጠመንጃው ጭኑ ላይ፣
ጥርሱ ፈገግ ብሎ፣ ከዝሆን ጥርስ በላይ።
በስተግራ በኩል፣ ፎቶው ሲያልቅ ጠርዙ፣
ጥቁር ክርን አለ፣ ከነብዙ መዘዙ።

የኔ ክርን ነው።

ስሜ ሙቢታ ነው፤ የኩዋንዶ ወንዝ ልጅ ነኝ፣
ሣር ጎንበስ ሲል ማን እንዳለፈ የሚነግረኝ።
ሰው ፊደል ያነባል፣ እኔ ዱካ አነባለሁ፣
ማን ጠጥቶ ሄደ፣ ማን አነከሰ፣ አውቃለሁ።
ሆልገር በአገሩ ጣሪያ ነው የሚነግድ፣
በረዶ ሰልችቶት መጣ ሊያሳድድ፤
ፈቃድ በእጁ ይዞ፣ ማኅተም ያለበት፣
ገንዘቡን ቆጥሮልን፣ ፊርማ አኑሮበት።
በዚያ ገንዘብ ፓምፕ ተተከለ።
አልዋሽም፤ ውሃው ደም ደም አይልም፤
ውሃ ውሃ ይላል።

አሁን ከሩቅ አገር ቁጣው ዘነበ፣
ወንዛችንን የማያውቅ ሕዝብ ተሰበሰበ።
በሱቁ በር ላይ ቀይ ቀለም ረጩበት፣
የልጁን ትምህርት ቤት ስም እየጠሩበት።
«ይሰቀል!» ያሉም አሉ፣
እሱ ግድግዳ ላይ እንደ ሰቀላቸው ሁሉ።
ሻማ ያበሩም ነበሩ።
አልስቅባቸውም። እንባ እንባ ነው።
ብቻ አምና፣ በዚያ ሌሊት፣ በበቆሎው ማሳ፣
ሲታሊ ቆርቆሮ እየመታ ሊያባርር ያን እንስሳ
ወጥቶ ሲቀር፣ ማንም ሻማ አላነሣ።
ጧት ቆርቆሮው ተገኘ፣ ተጣጥፎ እንደ ቅጠል።

«ኃላፊው ማነው?» ብሎ ጋዜጠኛ መጣ።
ሹሙ ፈቃዱን ጠቆመ፣ ፈቃዱ ማኅተሙን፣
ማኅተሙ ከተማውን፣ ከተማው ሕጉን።
ኃላፊስ ሞልቷል። ሁሉም ያልፋል።
ሆልገር በአውሮፕላን አለፈ፣ ጋዜጠኛው በመኪና፤
ቁጣውም ያልፋል፣ ነገ ሌላ ፎቶ አለና።
እኔ ብቻ መሄጃ የለኝም።

ልናገር።
የሲታሊ ገዳይ፣ የኋላ ግራ እግሩ
ስንጥቅ ነበረበት፣ ከተረከዝ እስከ ዳሩ፤
አፈር ላይ ሲታተም የደረቀ ወንዝ ይመስላል።
ለሆልገር በዚያ ጧት የመራሁት ዱካ
ለስላሳ ክብ ነበር፣ እንከን ያልነካካ።
አየሁት። ሁለት ጊዜ አየሁት።
አሥራ ዘጠኝ ቀን ባዶ ሄደን፣ አንድ ቀን ቀርቶን ነበር፤
የኔ የቀን አበል ነበር፣ የመንደሩ ሥጋ ነበር፣
የኢኖንጌም ዓይን ነበር፣ ከአጥሯ ሥር ቆማ፣
ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ያልተከደነ።
እጄ በትር ይዞ ስለነበር
በክርኔ ጠቆምኩ።
«እሱ ነው» አልኩ።

ሥጋው ሲከፋፈል ኢኖንጌ ድርሻዋን ተቀብላ
«በእርግጥ እሱ ነው?» አለችኝ፣ ዓይኔን በዓይኗ ይዛ።
«እሱ ነው።»
በላች። ልጆቿም በሉ።
ከዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኛች።

እንግዲህ እርግማን የምታከፋፍሉ፣ የሩቅ አገር ሰዎች፣
እንደ ሥጋው በደንብ ትሩ።
ትልቁን ብልት ለሆልገር ስጡ፤
ለኔም ግን ድርሻ አለኝ፣
ክርን የሚያክል።

ትናንት ዘነበ። ጎህ ሳይቀድ ወደ በቆሎው ወረድኩ።
ጭቃው ላይ፣ ከተረከዝ እስከ ዳር፣
ያ ስንጥቅ፣ ያ የደረቀ ወንዝ፣
ዛሬ ውሃ ሞልቶበት።
ከኢኖንጌ ጎጆ ጭስ ገና አልወጣም።
ቅርንጫፍ ቆርጬ ጠረግሁት፣ አንድ በአንድ፣
ወደ ኋላ እየሄድኩ።
የመጨረሻው ከአጥሯ ሥር ነበር።