ሣልስ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከስልክ ጠጋኙ በላይ፣
ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ መስኮቱ ባሕር አያይ።
ወንበሩ የጸጉር አስተካካይ ወንበር ይመስላል፣
ወደ ኋላ ሲገፋ ያቃስታል።

«አላስተኛሽም» አለችኝ ዶክተር ናጅላ፣
«ቦታው ብቻ ይደነዝዛል፤
ሥራሽ ትገቢያለሽ ከቀትር በኋላ።»

ባፍንጫዬ ነፋችው፤ መረረ፤ ወረደ፣
ምላሴ ሥር ደርሶ ጉሮሮዬን ይዞ ሄደ።
ምራቄን ስውጠው የሌላ ሰው ሆነብኝ፣
አንገቴን አከራይቼ በረንዳ ያደርኩ መሰለኝ።

ዐይን ያለው ቀጭን ቱቦ ባፍንጫዬ ገባ፣
ማሪቪክ እጄን ያዘች፤ ላቧ ከላቤ ተግባባ።
ግድግዳው ላይ፣ በስክሪኑ፣ እርጥብ ቀይ ዋሻ።
ዶክተሯ ቆም አለች፤ «እንጥልሽስ የታል?»
ምን ይሉታል በዐረብኛ፣ ወጌሻ?

ይማም በሽር ነበር፣ ከሐርቡ ገበያ ማግሥት፣
በጭራ ሸምቀቆ የቆረጠኝ፣ ገና በጥዋት።
ማደንዘዣዬ የአባቴ ሁለት ጉልበት።
ሰው ሲደነግጥ «እንጥሌ ዱብ አለ» ሲል እሰማለሁ፤
እኔ ዱብ የሚል የለኝም፣ ዝም ብዬ እደነግጣለሁ።

ጠባሳው ግን የይማም አይደለም።
በረኪናውን ካሲዱ ቀላቅዬ ነው፣
«ሽንት ቤቱ ይንጣ» ብላኝ እመቤቴ።
በሩ ዝግ ነበር።
አንድ ጊዜ ነው የሳብኩት። አንድ ጊዜ።
ከዚያ ወዲህ ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ያፏጫል።

«ኢ በይ» አለችኝ።
ስድስት ዓመት «ኡስኩቲ» ሲሏት የኖረች ሴት
ድምፅ አምጪ ስትባል፣ ከየት ታምጣ፣ ከየት?
እኔ የማውቃት ኢ ሣልሷ ናት፣
ከቀኝ እግሯ ሥር ጭረት ያላት።

«ኢ...»
ሁለት ነጭ ክሮች ተገጣጠሙ።
«ተንፍሺ» ስትል ተላቀቁ፤ መርፌው ሲያልፍ ቆሙ።
አየሁት መርፌውን፤ አልተሰማኝም፣
እንደ ዜና ነበር፣ የሩቅ አገር ደም።

«ለሁለት ሰዓት ውሃ እንዳትጠጪ፣ ትን ይልሻል።»
ነሐሴ ነው። አውቶቡስ ውስጥ
ያልተከፈተው ጠርሙስ ጭኔ ላይ ያልበዋል።
ጉሮሮዬ ተመለሰ፦ መጀመሪያ ምሬቱ፣
ከዚያ ማሳከኩ።
ማንም ሳይጠይቀኝ
«ኢ» አልኩ።
ከፊቴ የተቀመጠው ፓኪስታናዊ ሽማግሌ ዞረ።
አፍሬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።
ከዚያ ደገምኩት፣
ትንሽ ከፍ አድርጌ።